የበሮቹ ቅጽል ስም

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን ያልረሳሁት ትልቁ ግራይንደር የሚነሣበት ሰዓት ስለነበረ ነው። እሱ ብረት መሞረድ ከጀመረ በኋላ በብየዳ ቤታችን ውስጥ የእኔን ድምፅ የሚሰማ ሰው የለም። ስለዚህ የቀኑን ንግግሬን ሁሉ ከሦስት ሰዓት በፊት የመጨረስ ልማድ ነበረኝ። ንግግሬም ከ«እንደምን አደራችሁ» እምብዛም አያልፍም ነበር።

ያን ጠዋት አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን የፌሮና የቱቦላሬ ብረት እየተራመዱ፣ በቺፑድ ወደተከለለችው ጠባብ ቢሮ ገቡ። ባለቤቱ ሐጂ ብድግ ብለው ወንበር ሰጧቸው። እኔ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ነበርኩ።

«የግቢ በር ላሠራ ነው የመጣሁት» አሉ ሴትየዋ። «ግን የማሠራውን በር አውቀዋለሁ። አምስት ዓመት ሆኖኛል ካየሁት። እናንተ ናችሁ የሠራችሁት፤ የሚገጥሙት ሰዎች ቱታ ላይ የቤታችሁ ስም ተጽፎ አይቻለሁ።»

«የት ሰፈር ነው?» አሉ ሐጂ።

«ታክሲያችን ጎማው ተንፍሶ የቆምንበት ሰፈር ነዋ! ባለፈው ወር ሄጄ ፈለግሁት። መንገዱ ሰፍቷል፣ አጥሩም በሩም የለም። ፎቶው ግን እናንተ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው።»

ሐጂ ወደኔ ዞረው በኩራት «አይጠፋም» አሉ። «ልጅቷ የተማረች ናት። ሁሉን በኮምፒውተር አስገብታዋለች።»

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልናገር። ሐጂ ለደንበኛ በር የሚያስመርጡባቸው ሦስት ወፋፍራም አልበሞች ነበሯቸው። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ አልበሞቹን ስላበሰበሳቸው ገጾቹ እንደ ቂጣ ተጣብቀው ቀሩ። የተረፈው ልጃቸው ካሜራ ከገዛላቸው ወዲህ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ፎቶ ነው፤ ከሁለት ሺህ በላይ ፎቶ፣ ሁሉም በቁጥር ብቻ የተሰየመ። እኔ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተምሬ የተመረቅሁት በዚያው ዓመት ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠችኝ ነፃ ፕሮግራም ነበረኝ። ሥራው ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የፈለግሽውን ያህል መለያ ቃል ትለጥፊበታለሽ። ቃሉን ስትጽፊ ያ ቃል ያለባቸው ፎቶዎች ሁሉ ይመጡልሻል። ፎልደር ከሆነ አንድ ፎቶ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ነው። በዚህኛው ግን አንድ ሰው ቤቱ በአንድ ስም፣ ትምህርት ቤት በሌላ፣ በክርስትናው ደግሞ በሌላ እንደሚጠራው፣ አንዱን ፎቶ በአሥር ስም መጥራት ይቻላል።

ሐጂ ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና «አንድ ወር ሞክሪው» አሉኝ። «ከሠራ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልሠራ አዲስ አልበም እንገዛለን፤ አንቺም ሌላ ቦታ ትሞክሪያለሽ። አብሽሪ፣ አንጣላም።» ሦስቱን ሳምንት ሙሉ መለያ ስለጥፍ ነበር የከረምኩት።

እና ያን ሰኞ ሴትየዋ በሩ ምን እንደሚመስል ሲናገሩ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። «ጸሐይ ስትወጣ የመሰለ ነው። ጸሐይ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከታች ተነሥቶ ብትንትን የሚል። ሲዘጋ ሁለቱ ክንፍ ይገጥምና አንድ ይሆናል።» ይህን ሁሉ ጻፍኩ። «ፊት ለፊቱ ደግሞ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ነጠላዋን አገልድማ፣ ሠራተኞቹን በጃንጥላዋ እየጠቆመች ስትቆጣ፣ ታክሲ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሳቅንና…» ሲሉ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ወደ በሩ እስኪመለሱልኝ በትሕትና ጠበቅሁ። ሴትዮዋ በር አይደለችማ።

ጸሐይ ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም። ጨረር ብዬ ጻፍኩ። አንድ ፎቶ መጣ፤ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ዲሽ ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩት እኔም አላውቅም። ክብ ብዬ ስጽፍ የፎቶው ግማሽ መጣ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ከትከሻዬ በላይ ሲመለከቱ ጆሮዬ ጋለ።

«እንግዲህ አርብ ልደታ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ አልፋለሁ። ካላገኛችሁት ከመንገዱ ማዶ ላሉት በያጆች እነግራቸዋለሁ፤ እነሱ ደንበኛው እንደነገራቸው በእርሳስ ይስላሉ አሉ።»

ከወጡ በኋላ ሐጂ ለረጅም ጊዜ የዲሹን ፎቶ ተመለከቱት።

«ሴትየዋ አርብ ትመጣለች» አሉ። «ያንቺም ወር የሚሞላው አርብ ነው። አላህ ሲያገጣጥመው አየሽ?»

ማክሰኞ ጠዋት ዋናው በያጅ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ በቢሮው በር አንገቱን አስገባ። ሃያ ዓመት እዚያው ቤት የሠራ፣ በሠራተኛው ሁሉ «አለቃ» የሚባል፣ ከብረት በቀር ነገር የማያምን ሰው ነው።

«እህቴ፣ እስኪ ያቺን ሽንኩርቷን አውጪልኝ። ልኳን ላይ ነው።»

ሽንኩርት ብዬ ጻፍኩ። የለም። አለቃ በጥላሸት የጠቆረ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ፎቶዎቹን ቁልቁል አስኬደኝና «ይቺ!» አለ። በሩ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተደራረቡ ጥምዝ ብረቶች አሉ፤ ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት ቁጭ! በሥሩ የለጠፍኩትን መለያ እየቆጠረ አነበበው።

«‹ጥምዝ፣ የተመጣጠነ፣ ዕፀዋታዊ ጌጥ።›» ቀና ብሎ አየኝ። «ማነው እንዲህ ብሎ የሚጠራት? እንዲህ ብትጠሪያት ዞራም አታይሽም።»

እሱ ከሄደ በኋላ የሦስት ሳምንት ሥራዬን ፊት ለፊቴ ዘርግቼ ተመለከትኩት። ዘመናዊ፣ ባህላዊ፣ ቀጥታ መስመር፣ የተመጣጠነ። ቃላቱ ጥሩ ቃላት ናቸው፤ ለፈተና ብጽፋቸው ውጤት አገኝባቸው ነበር። ግን በዚያ ቤት ውስጥ ካለ ሰው አንድም የሚናገራቸው የለም፤ በር ሊያሠራ የሚመጣም የተመጣጠነ ስጡኝ ብሎ አያውቅም። ስሞቹ ያሉት ከቢሮው ውጪ ነው። ወጥቶ መጠየቅ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሌላ ሰው እስኪወርድ የምጠብቅ፣ ስንትና ስንት ጊዜ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ።

መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ፎቶዎቹን በቴምብር መጠን አሳንሼ፣ በጥቁርና ነጭ አተምኩና ምሳ የሚበሉበት ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው። አጠገባቸው እርሳስ በሲባጎ አሰርኩ። ከላይ «እባካችሁ ለእያንዳንዱ በር የምትጠሩበትን ስም ከሥሩ ጻፉ» ብዬ ጻፍኩበት። ከምሳ በኋላ ሄጄ ሳየው ሁለት ነገር ብቻ ተጽፎ ነበር። በአንዱ ሥር «ቆንጆ» ይላል። በሌላው ሥር «ይሄን ያነሣው ማነው? ጣቱ ገብቷል» ይላል። እርሳሱም የለም።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወረቀቶቹንና ደብተሬን አቅፌ ወጣሁና ከሚበሉበት ጥቂት ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሽሯቸውን ከበው ተቀምጠዋል። የሆነ ነገር ተናገርኩ።

«ምን አለች?» አለ ቀለም ቀቢው፣ ወጣት ነው፣ አራዳ ነኝ ባይ።

«ቁጭ በይ እንጂ» አለ አለቃ። «ቆመሽ አታስጨንቂን። ጠጋ በሉላት።»

ባዶ የቀለም ጣሳ ገልብጠው አስቀመጡኝ። አፌን ልከፍት ስል አለቃ ጉርሻ ከተተበት፤ ስለዚህ ጥያቄዬን ያቀረብኩት የመጀመሪያውን ወረቀት ከፍ አድርጌ በማሳየት ነው።

«ማራገቢያ!» አለ አለቃ ገና ሲያያት።

«የምን ማራገቢያ? ይቺማ የድመት ጭራ ናት» አለ ቀቢው።

«አንተ ከቀለም ውጪ ምን ታያለህ? እኔ ነኝ የጠመዘዝኳት!»

«አንተ ጠመዘዝካት፤ እኔ ሙሉ ቀን አቅፌያት ዋልኩ!»

«ሁለቱንም እጽፈዋለሁ» አልኩ። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። «ሁለቱም ይሆናል። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ይቀበላል። በየትኛውም ብትጠሯት ትመጣለች።»

ይህን ሲሰሙ ነገሩ ገባቸው። «አሃ፣ ቅጽል ስም ነዋ የምታወጪው!» አለ ቀቢው። «ቀድመሽ እንደሱ አትይም? መለያ ምናምን ትያለሽ።»

ከዚያ በኋላ ማቆም የሚችል አልነበረም። መነጽር። አጭበርባሪው፤ ሲያዩት ወፍራም፣ ሲያንኳኩት ስስ ላሜራ። የሐኪሙ ውሻ፤ ቀቢውን ነክሶ ሱሪውን ስላስቀረ። የፍየሏ፤ ፍየል እርጥቡን ቀለም ልሳ ሙሉ ቀን አረንጓዴ አፍ ይዛ ስለዋለች። ሰፈር እየጠሩ፣ ዳቦ ቤትና ወፍጮ ቤት እየጠሩ፣ እየተሳሳቁ ረቡዕና ሐሙስን በምሳም በእረፍትም ነገሩኝ። አለቃ የመጀመሪያዋን ፎቶ አይቶ ስሙን ይናገራል፤ እኔ ቢሮ ገብቼ ከሷ ቀጥለው ባሉት የዚያው በር ፎቶዎች ላይ ሁሉ እለጥፈዋለሁ።

አንዷ ፎቶ ጋ ሲደርስ ግን አለቃ ሳቀና ወረቀቱን ገፋው። ገና ቀለም ያልተቀባ ግማሽ በር ነው፣ መሬት ላይ ተገልብጦ የተኛ፣ የምን እንደሆነ የማይለይ።

«አማትየዋ» አለ።

«እግዜር ይሰውረን!» አለ ቀቢው። «ምግብ ላይ ነን፣ እሷን አታንሣ።»

«ይሄ እኮ የበሩ መልክ አይደለም» አልኩ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማስገባት ከብዶኝ ነበር። ውሻውም ፍየሏም ገና አልተዋጡልኝም።

«መልኩን ተይው፣ ጻፊው» አለ አለቃ። «እሷን ሳናስብ በሩን አናስበውም።»

ጻፍኩት።

አርብ ረፋድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሴትየዋ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከልደታ መጡ። ሐጂ ለጁምዓ ለመሄድ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ነበር። ግራይንደሩ ውጪ ይጮኻል። ሁለቱም ከኋላዬ ቆሙ።

ጸሐይ ብዬ ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ አሥራ አራት ፎቶ መጣ። ሐጂ «ማሻአላህ» አሉ። ሴትየዋ አንድ በአንድ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም። ይሄም አይደለም። ይሄማ ጭራሽ።»

ማራገቢያ ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ መጣ። «አይ» አሉ። «ቆንጆ ናቸው። ግን አይደሉም።»

ጃንጥላም፣ አበባም፣ ማበጠሪያም ሞከርኩ። ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ። ሴትየዋ ቦርሳቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

«በቃ ልጄ፣ አትጨነቂ። ምናልባት እኔው አሳምሬው ይሆናል። አምስት ዓመት ብዙ ነው።»

ወደ በሩ ዞሩ። ያን ጊዜ ነው ያቺ ሴትዮ ትዝ ያለችኝ። ሰኞ ዕለት እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ያሳለፍኳት፣ ባለ ጃንጥላዋ። «እትዬ» አልኩ። ግራይንደሩ ዋጠው። «እትዬ!» አልኩ እንደገና፤ እኔ ራሴ አልሰማሁትም። ተነሣሁና የነጠላቸውን ጫፍ ያዝኩ። በሕይወቴ የማላውቀውን ሰው ልብስ ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ደንግጠው ዞሩ። ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ስትቆጣ የነበረችው ሴትዮ… ምን ትል ነበር?»

«እሷማ!» አሉና ፊታቸው ፈካ። «‹ልጄን የምድረው እስር ቤት ነው እንዴ! ሰፋ አድርጉት! ብርሃን አስገቡበት!› ትላለቻ! ታክሲ ውስጥ የነበርነው ሁሉ በሳቅ…»

ልጄን የምድረው። ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ፣ ቆሜ፣ በሁለት ጣት ጻፍኩ። አማትየዋ።

ሦስት ፎቶ መጣ። የመጀመሪያው ያው ተገልብጦ የተኛው ግማሽ በር ነው። ሁለተኛው ጠርዙ ብቻ የሚታይ ነው። ሦስተኛውን ከፈትኩት። በሩ ተገጥሞ ቆሟል፣ ብርማና አረንጓዴ። ከታች፣ ሁለቱ ክንፍ ከሚጋጠሙበት፣ ብረቶቹ ተነሥተው ወደ ላይ ብትንትን ይላሉ። ከፊቱ አንዲት ነጠላዋን ያገለደመች ትልቅ ሴትዮ ጃንጥላዋን ቀጥታ ወደ ካሜራው ቀስራለች።

«እሷ ናት!» ሴትየዋ ትከሻዬን በጥፊ መቱኝ። «ጃንጥላዋ ራሱ! ወይኔ ልጄ፣ በሩ! በሩ እኮ ነው!»

«ሱብሃነላህ» አሉ ሐጂ። ጎንበስ ብለው ፎቶውን ቀረብ አድርገው አዩና «ይቺን ሴትዮ ረስቼ ነበር ማለት ነው? ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነስታኛለች እኮ!» አሉ።

ጩኸቱን ሰምቶ ግራይንደሩን ያጠፋው አለቃ በመስኮቱ አጮልቆ አየ። «አገኛችኋት? በሉ ቶሎ ዝጓት፣ አሁን ማዘዝ ትጀምራለች።» ከኋላው ቀቢው «ሁለት ብረት ጨምሩ! አንድ ቀንሱ!» እያለ በቀለም ብሩሽ ሰውን ሁሉ ይጠቁማል።

ሴትየዋ ልኩን አስመዝግበው፣ ፎቶውን አሳትመው ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው ሄዱ። ሐጂ ለጁምዓ እየዘገዩ ነበር። ደጃፉ ላይ ደርሰው ተመለሱና መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

«ነገ አረፍዳለሁ» አሉ። «አንቺ ትከፍቻለሽ። ከነገ ወዲያም እንደዚያው።»

ስለ ወሩ ሌላ የተናገሩት ነገር የለም። እስኪሄዱ ጠብቄ ቁልፉን አነሣሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ የብየዳ ቤቱን በር ልከፍት ስል እጄ ቆመ። አንድ ወር ሙሉ በዚያ በር ገብቼ ወጥቻለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም። ከተማውን ሙሉ በጸሐይና በሽንኩርት የሞላው ቤት የራሱ በር ልሙጥ ላሜራ ነው። አንድ ጎኑ ተቀዶ በሌላ ላሜራ ተጥፏል። ታችኛው ጠርዝ ዝጓል። የሚበዛው ክፍሉ ላይ በጠመኔ የልኬት ቁጥር ተጽፎበታል። ከሁለት ሺህ ፎቶ ውስጥ የዚህ በር አንድም የለም።

ከፈትኩ፣ ካሜራውን ይዤ ወጣሁና አነሣሁት። ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁትና የመለያው ሳጥን ላይ ደረስኩ። ልሙጥ፣ ግራጫ፣ ያረጀ ማለት እችል ነበር። ሳጥኑን ባዶ ተውኩት። ሰዎቹ አንድ በአንድ ገቡ፣ ቱታቸውን ለበሱ። ሦስት ሰዓት ሆነና ግራይንደሩ ተነሣ።

ከቢሮው ወጣሁ። መሀል ወለሉ ላይ፣ ፌሮዎቹ መካከል ቆምኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ።

«የኛን በር ምን እንበላት?»

ግራይንደሩ ቀጥ አለ። አለቃ ጭንብሉን አወለቀ።

«ማነው የጮኸው?»

«ሹክሹክታ ናት!» አለ ቀቢው፤ ወዲያው በእጁ አፉን ያዘ። ሁሉም ወዲያ ወዲያ ማየት ጀመሩ። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ይጠሩኝ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቄ አመለጠኝ፤ እነሱም ሳቁ፤ ከዚያ ስለ በሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር፣ መሟገት፣ አንዱ የሌላውን ማጣጣል ጀመሩ። ደብተሬን አወጣሁና ሁሉንም ጻፍኩ።